ኢንቫይሮመንታል ኢንጂነሪንግ 3ኛ ዓመት ነኝ፣ ሳልመረቅ ሥራውን ከየት ልጀምር? አቃቂ፣ ቂሊንጦ፣ ገላን አካባቢ ያላችሁ በተለይ

የቂሊንጦ_ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። ኢንቫይሮመንታል ኢንጂነሪንግ 3ኛ ዓመት ነኝ፣ ግቢያችን ቂሊንጦ ነው። ዲፓርትመንት ስመርጥ ሶፍትዌር ግቢ፣ ካልሆነ ሲቪል ግቢ ያላለኝ ሰው የለም፣ እኔ ግን ወድጄ ነው የገባሁት አሁንም እወደዋለሁ። ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ክላስ ውስጥ ሪአክተር ዲዛይን እናደርጋለን፣ ሴዲመንቴሽን ታንክ እናሰላለን፣ ቁጥሩ ይወጣል፣ ከግቢ ወጥቼ በሚኒባስ ወደ ቃሊቲ ስሄድ ደግሞ ወንዙ ጋ ስንደርስ ሰው ሁሉ መስኮት ይዘጋል። ያ ወንዝ እና የኔ ደብተር የት ጋ ነው የሚገናኙት? ሲኒየሮች ኢንተርንሺፕ እስኪመጣ ጠብቂ ይሉኛል፣ የሥራ ማስታወቂያ ሳይ ደግሞ ሁሉም ሁለት ዓመት ልምድ፣ ሦስት ዓመት ልምድ ነው። አባቴም በደወለ ቁጥር ይሄ ትምህርት መጨረሻው የት ነው የሚያስገባሽ ይለኛል።

ስለዚህ ዘርፉ ውስጥ እየሠራችሁ ያላችሁ በናታችሁ ንገሩኝ፣ እስክመረቅ ባለው ጊዜ ምን ልያዝ? ሶፍትዌር ልማር? ላብ? የኤችኤስኢ (የጤና፣ ደህንነትና አካባቢ) ሰርተፊኬት ልውሰድ? ወይስ ከአሁኑ የአማካሪ ድርጅት በር ላንኳኳ?

ፍሳሽ_ኦፕሬተር፦
እህቴ ጥሩ ጊዜ ላይ ነው የጠየቅሽው። እኔ ዲግሪ የለኝም፣ ቴክኒክና ሙያ ነው የተማርኩት፣ ፍሳሽ ማጣሪያ ላይ ኦፕሬተር ነኝ፣ ኢንተርን ሲመጣ ከሚያስጎበኙት አንዱ ስለሆንኩ የማየውን ልንገርሽ።

ከግቢሽ ብዙም ሳትርቂ የቃሊቲው ጣቢያ አለ። ድሮ ኩሬ ብቻ ነበር፣ በቀን 7,500 ሜትር ኪዩብ ታስቦ የተሠራ፣ አዲሱ ደግሞ በቀን 100,000 ሜትር ኪዩብ ነው። መጀመሪያ ስክሪን አለ፣ ትልልቁን ቆሻሻ የሚይዝ ወንፊት፣ ከዛ አሸዋ ማስቀሪያ፣ ከዛ ዩኤኤስቢ የሚባለው፣ ፍሳሹ ከስር ገብቶ በዝቃጩ መሃል ወደ ላይ ሲወጣ ኦክስጅን የማይፈልጉት ባክቴሪያዎች የሚሠሩበት፣ ከዛ ትሪክሊንግ ፊልተር፣ ፍሳሹ ባክቴሪያ በያዘ ንጣፍ ላይ እየተንጠባጠበ የሚወርድበት፣ እያለ ይቀጥላል። ይሄን ክላስ ውስጥ በሥዕል ታውቂዋለሽ። ሥዕሉ ላይ የሌለው ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ነገር ነው። የትኛውም ጣቢያ ብትሄጂ ጨርቅ፣ ፌስታል፣ ዳይፐር፣ የፀጉር ቁራጭ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ የዝናብ ውሃው በየማንሆሉ እየገባ ፍሰቱ ይጨምራል አሸዋውም አብሮ ይመጣል። እዛ ጋ ካልተያዘ ፓምፑ ጨርቅ ይጠመጥማል፣ ታንኩ በአሸዋ ይሞላል፣ ከዛ በኋላ ያሰላሽው ሁሉ ዋጋ የለውም።

ኢንተርኖች ሲመጡ ሪአክተሩ ጋ ቆመው ፎቶ ያነሳሉ፣ ሪፖርታቸውም ስለ ሪአክተሩ ነው። ስክሪኑ ጋ፣ ዝቃጭ ማድረቂያው ጋ የሚቆም የለም። አንቺ ስትመጪ ዝናብ በዘነበ ማግስት ነይ። ኦፕሬተሩን ባለፈው ምን ተበላሸ፣ እንዴት አወቃችሁ፣ ምን አደረጋችሁ ብለሽ ጠይቂው፣ ሰው ስለ ሥራው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል ብዙ ይነግርሻል። ሎግ ቡኩን አስፈቅደሽ አንብቢ፣ ፍሰቱ ከጠዋት እስከ ማታ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደተፈጠረ እዛ አለ። ሎግ ቡክ አንብቦ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ኢንተርን እኛ ጋ ተፈላጊ ነው።

ደግሞ ኢንተርንሺፕ ድረስ አትጠብቂ። ከዲፓርትመንት የትብብር ደብዳቤ አጽፈሽ ለአንድ ቀን ጉብኝትም ቢሆን ማመልከት ይቻላል። ትልቁ ጣቢያ ብቻ አይደለም ያለው፣ ኮንዶሚኒየም ሳይቶች ጋ ትንንሽ ማጣሪያዎች አሉ፣ ፋብሪካዎች ጋ አሉ። ትንሹ ጋ እንደውም ሁሉንም በእጅሽ ትነኪያለሽ።

ገላን_ኤችኤስኢ፦
ኦፕሬተር ያለው ልክ ነው ግን የእንጀራ ነገርም ይነሳ። እኔ በኢንቫይሮመንታል ተመርቄ አሁን ገላን አንድ ፋብሪካ ኤችኤስኢ ኦፊሰር ነኝ። ከኛ ባች ቶሎ ሥራ የያዘው ብዙው በዚህ በር ነው የገባው፣ ፋብሪካ ወይ ኮንትራክተር። የዓለም ባንክ ገንዘብ ያለበት ፕሮጀክት ላይ የአካባቢና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ይጠየቃል፣ መንገድ ሥራው፣ ውሃ ሥራው ሁሉ። ስለዚህ ኤችኤስኢን አትናቂው።

ግን አንድ ነገር እወቂ፣ እዚህ ሥራ ላይ ሴፍቲው አካባቢውን ይውጠዋል። ቀኑ በሄልሜት፣ በእሳት ማጥፊያ ቁጥጥር፣ በአደጋ ፎርም ያልቅና የአካባቢው ነገር ዳይክ (ዘይት እንዳይፈስ የሚያግድ ግድግዳ) ውስጥ ያለ የተቃጠለ ዘይት በርሜል ቆጥሮ መመለስ ይሆናል። ያን ካልፈለግሽ ከአሁኑ የውሃ ሚዛን መሥራት ልመጂ። ፋብሪካው በወር ስንት ሜትር ኪዩብ ያስገባል፣ ምርት ውስጥ ስንት ይሄዳል፣ ቦይለር ስንት፣ እጥበት ስንት፣ በፍሳሽ ስንት ይወጣል። ድምሩ ብዙ ጊዜ አይገጥምም፣ የጠፋው የት እንደሄደ መፈለግ ነው ሥራው። ይሄን አንድ ገጽ ላይ በብር ተርጉመሽ ለሥራ አስኪያጅ ካሳየሽ ያዳምጥሻል፣ ስለ ወንዙ ብቻ ብታወሪው ግን አያዳምጥሽም። ያሳዝናል ግን እንደዛ ነው።

ሰርተፊኬት ያልሽው፣ ገና ተማሪ ሆነሽ ብዙ ብር ከፍለሽ የሁለት ቀን ሥልጠና አትውሰጂ። እና ኤግዚት ኤግዛም አለ፣ ከ2015 ጀምሮ 50 ከመቶ ካላመጣሽ ዲግሪው የለም፣ ፊልድ ፊልድ ስትይ ደብተሩን እንዳትጥይው።

የቂሊንጦ_ተማሪ፦
ሁለታችሁንም በጣም አመሰግናለሁ፣ የውሃ ሚዛኑን ነገር እንደዚህ አስቤው አላውቅም ነበር። አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔና ሁለት ጓደኞቼ አቃቂ ወንዝ ላይ የሆነ ነገር መሥራት እንፈልጋለን፣ ለፋይናል ፕሮጀክትም የሚሆን፣ ግን መሣሪያ የለንም፣ ሪኤጀንት ውድ ነው። ያለ መሣሪያ የሚሠራ ነገር አለ?

ላብ_ውስጥ፦
አለ! ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። የውሃ ጥራት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ናሙና ተቀብዬ ውጤት የማወጣ ሰው ነኝ፣ እና ተማሪ ላይ የማየው ትልቁ ክፍተት መሣሪያ ማጣት አይደለም።

መጀመሪያ ፍሰት ለኩ። ሁሉም ተማሪ ውሃ በሃይላንድ ቀድቶ ቢኦዲው (ባክቴሪያው ቆሻሻውን ሲበላ የሚፈጀው ኦክስጅን) ስንት ነው ይለኛል፣ ወንዙ በሰከንድ ስንት ያልፋል ስለው መልስ የለም። ኮንሰንትሬሽን ብቻውን ምንም አይነግርም፣ ክረምት ላይ ቁጥሩ ስለወረደ ወንዙ ጸዳ ማለት አይደለም፣ ዝናቡ አቀጥኖት ነው። ፍሰት ለመለካት ደግሞ ሜትር፣ ገመድ፣ ሰዓት እና አንድ ብርቱካን ይበቃል። ቀጥ ያለ ቦታ ምረጡ፣ 10 ሜትር ወይ 20 ሜትር ምልክት አድርጉ፣ ብርቱካኑን ጣሉ፣ ሰዓት ያዙ፣ ደጋግሙ። የላይኛው ፍጥነት ከአማካዩ ስለሚበልጥ በ0.85 ገደማ አባዙት፣ ከዛ በወንዙ ስፋትና ጥልቀት። ጥልቀቱን ሳትገቡ ከድልድይ ላይ ድንጋይ በታሰረበት ገመድ መውሰድ ይቻላል።

ከዛ ሎድ ይመጣል፣ ወንዙ በቀን የሚሸከመው የብክለት ክብደት ማለት ነው። ለምሳሌ ፍሰቱ በሰከንድ 0.5 ሜትር ኪዩብ ቢሆን፣ ቢኦዲው 200 ሚሊግራም በሊትር ቢሆን፣ ሁለቱን አባዝተሽ በ86.4 ስታባዢው በቀን 8,640 ኪሎ ይመጣል። አንድ ሰው በቀን 50 ግራም ገደማ ቢኦዲ ያወጣል ብለን ብንይዝ ይሄ ከ170,000 ሰው ፍሳሽ በላይ ነው። አሁን ቁጥሩ ማውራት ጀመረ አይደል? ከአንድ ገባር በላይና በታች ይሄን ከሠራችሁ ልዩነቱ የገባሩ ድርሻ ነው፣ ማንም ሊክደው አይችልም።

ስለ ናሙና አያያዝ እዚህ ላይ ልቆይ ምክንያቱም ውጤት የሚበላሸው እዚህ ነው። የቢኦዲ ናሙና በረዶ ውስጥ፣ 4 ዲግሪ አካባቢ፣ ቶሎ ላብ መድረስ አለበት፣ በዛው ቀን ቢሆን በጣም ጥሩ፣ ከ48 ሰዓት ካለፈ እርሱት። ባክቴሪያው ጠርሙሱ ውስጥም እየበላ ስለሆነ ሁለት ቀን ዶርም ያደረ ናሙና የሚነግራችሁ የጠርሙሱን ታሪክ ነው። የሲኦዲው (ቆሻሻውን በባክቴሪያ ሳይሆን በኬሚካል አቃጥለን የምንለካው የኦክስጅን ፍላጎት) በሰልፈሪክ አሲድ ፒኤቹ ከ2 በታች ከወረደ እስከ 28 ቀን ይቆያል፣ የቢኦዲውን ግን በጭራሽ አሲድ እንዳትጨምሩበት፣ ባክቴሪያውን ትገድሉታላችሁ። ጠርሙሱ ላይ ቦታ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የቀዳው ሰው፣ በማይለቅ እስክሪብቶ። ዝናብ ነበር አልነበረም ጻፉ። ሽታው፣ ቀለሙ፣ አረፋው፣ ሁሉም ይጻፍ።

ግቢ ላብ ውስጥ ሲኦዲ ስትሠሩ ዳይክሮሜት፣ ሜርኩሪ እና ብር ነው ያለበት፣ ቫዮሉን (ትንሿን የምርመራ ጠርሙስ) ሲንክ ላይ የምትደፉ ከሆነ ለወንዙ ቆመናል እንዳትሉ። ለብቻ ይጠራቀም፣ ቴክኒሺያኑን ጠይቁት የት እንደሚቀመጥ።

አንድ የመጨረሻ፣ የመጽሐፍ ቁጥር ስትወስዱ ከፍታችንን አስቡ። በባህር ጠለል 20 ዲግሪ ላይ ውሃ በሊትር 9.1 ሚሊግራም ኦክስጅን ይይዛል፣ አቃቂ ከፍታ ላይ ግን አየሩ ስስ ስለሆነ 7 አካባቢ ነው። ኤሬተር (ውሃው ውስጥ አየር የሚያስገባ መሣሪያ) ዲዛይን ስታደርጉ ይሄን ያልቆጠረ ዲዛይን እዚህ አገር አይሠራም። ኢንተርቪው ላይ ይሄን የመለሰ ተማሪ ፊልዱን እንደሚያውቅ ወዲያው ይታወቃል።

የጓሮ_አትክልት፦
ልጆች ይሄን ጽሑፍ የላከልኝ የወንድሜ ልጅ ነው። እኔ ኢንጂነር አይደለሁም። አቃቂ ወንዝ ዳር ከአባቴ የወረስኩት መሬት ላይ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጎመን አበቅላለሁ፣ ውሃው ከዛው ወንዝ በፓምፕ ነው። አባቴ በልጅነቱ ይዋኝበት ነበር ይላል። አሁን እግራችን ይላጣል፣ ከብት ጠጥቶ ይታመማል።

በየዓመቱ ተማሪዎች ይመጣሉ። ውሃ ይቀዳሉ፣ አፈር ይወስዳሉ፣ ቆስጣም በፌስታል ቆርጠው ይወስዳሉ፣ ስልክ ቁጥር ይቀበሉናል። ከዛ የሚመለስ የለም። ወንዙ ዳር በሚበቅለው አትክልት ላይ ክሮሚየም ነው ሊድ ነው የሚሉት ነገር ተገኘ ተብሎ በሬዲዮ ይወራል፣ ገበያ ላይ የኛ ቆስጣ ዋጋ ይወርዳል፣ እኛ ግን የራሳችን ማሳ ላይ ስንት እንደተገኘ አናውቅም። የቱ ማሳ ይሻላል? ምን ብንተክል ይሻላል? ይሄን የሚነግረን ሰው ነው ያጣነው። አንቺ ልጄ መማርሽ ደግ ነው፣ ከመጣሽ ግን ውጤቱን ይዘሽ ተመለሽ።

የቂሊንጦ_ተማሪ፦
ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ ስለጻፉልን። እውነቱን ነው የተናገሩት። ከጓደኞቼ ጋር ተነጋግረናል፣ እርስዎ አካባቢ ከሠራን ውጤቱን በአማርኛ፣ ኦሮምኛ ለሚቀላቸው ደግሞ በኦሮምኛ፣ አንድ ገጽ ላይ ጽፈን እናመጣልዎታለን፣ ይሄን ፕሮፖዛሉ ውስጥ እንደ አንድ ሥራ እናስገባዋለን።

ላብ_ውስጥ፦
ጋሼ ያሉት ላይ ትንሽ ልጨምር። ሁሉም አትክልት እኩል አይወስድም፣ ቅጠላ ቅጠሉ እንደ ቆስጣና ሰላጣ ብረቱን በብዛት ነው የሚሰበስበው፣ ስለዚህ ምን ልትከል የሚለው ጥያቄ በጣም ትክክለኛ ሳይንሳዊ ጥያቄ ነው። አፈሩ ፒኤች ከወረደ ደግሞ እንደ ካድሚየም ያለው ወደ ተክሉ በቀላሉ ይገባል። የአፈር ፒኤች መለካት እንደ ሄቪ ሜታል ምርመራ ውድ አይደለም፣ ተማሪዎቹ ለየማሳው ሊሠሩት ይችላሉ። ለብረቱ ምርመራ ግን ጥቂት ናሙና በደንብ ማስመርመር ይሻላል፣ ብዙ ናሙና በዘፈቀደ ከማከማቸት። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ክሮሚየም በብዛት ባለ ሦስቱ ነው፣ አደገኛው ባለ ስድስቱ ነው፣ ጠቅላላ ክሮሚየም ብቻ ለክታችሁ ለሰው ስትነግሩ ይሄን ለዩላቸው፣ ያለበለዚያ ሰው በማያስፈልግ ይደነግጣል ወይ በሚያስፈልገው ሳይደነግጥ ይቀራል።

ገላን_ኤችኤስኢ፦
ይሄ ክር በጣም ጥሩ እየሆነ ነው። ግን ተማሪዋን እንዳናጠፋት ፈራሁ፣ ይሄ ሁሉ ጥሩ ሥራ ነው ሲቪ ላይ ግን ምን ተብሎ ይጻፋል? የወንዝ ፍሰት በብርቱካን ለካሁ ብትል ኤችአር ምን ይገባዋል?

አማካሪ_ሰው፦
ኤችአር ባይገባውም ቴክኒካል ኢንተርቪው የሚያደርገው ሰው ይገባዋል። አማካሪ ድርጅት ውስጥ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሪፖርት እጽፋለሁ፣ ጁኒየር ስንቀጥርም እቀመጣለሁ። ኦሪጅናል ዳታ የያዘ ተመራቂ በጣም ጥቂት ነው። ይሄው ነው የሲቪው ጉዳይ፣ የት፣ መቼ፣ ምን ለካሽ፣ ምን አገኘሽ፣ ሁለት መስመር ይበቃል፣ ከስር ዳታውን ኤክሴል ላይ ንጹህ አድርገሽ ያዢ ሲጠየቅ የሚታይ።

የአማካሪ በር ላንኳኳ ወይ ላልሽው፣ አንኳኪ ግን ምን እንደሚጠብቅሽ ልንገርሽ። የ1995ቱን ሁለት አዋጆች አንብቢ፣ 299 የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ነው፣ 300 የብክለት ቁጥጥር ነው። ረጅም አይደሉም፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃሉ፣ ግን ያነበበ ተመራቂ ሳገኝ ይገርመኛል። 299 ላይ የሕዝብ ተሳትፎ የሚል አለ፣ እላይ ጋሼ የጻፉት ነገር ማለት ነው፣ ሕጉ ይፈልገዋል ሥራው ላይ ግን ብዙ ጊዜ የስብሰባ ፊርማ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

አሁን የሚያመኝን ልናገር። ዘርፉ ውስጥ ኮፒ ፔስት በሽታ ነው። አንድ ጊዜ እንድገመግም የተሰጠኝ ሪፖርት ነበር፣ ፕሮጀክቱ ሰንዳፋ በኩል ነው፣ ውስጡ ያለው የዝናብ መጠንና የዛፍ ዝርዝር የስምጥ ሸለቆ ነው፣ ከሌላ ሪፖርት ተገልብጦ። ጁኒየሮች የሚሰጣቸው ሥራ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው፣ ያለፈውን ሪፖርት ከፍተሽ ስሙን ቀይሪ። እምቢ በይ። ልባረር ነው ካልሽ ደግሞ ቢያንስ ቤዝላይኑን፣ ከፕሮጀክቱ በፊት ያለውን ሁኔታ፣ እኔ ልሂድና ልይ በይ፣ በራስሽ እግር ሂጂ፣ ፎቶ አንሺ፣ ጂፒኤስ ያዢ፣ ጉድጓድ ያላቸውን ሰዎች አናግሪ። ቆሼን ሁላችንም እናስታውሳለን። መጋቢት 2 ቀን 2009 ያ የቆሻሻ ተራራ ተንዶ ከ110 ሰው በላይ ነው የሞተው፣ ስሩ ጎጆ ሠርተው የሚኖሩ ሰዎች ላይ። በ50 ዓመት የተከመረ ቆሻሻ፣ ቁልቁለቱ ቀጥ ያለ፣ ውስጡ ውሃና ጋዝ የያዘ። ከዛ በኋላ ነው ፉኩኦካ በሚባለው ዘዴ፣ በቧንቧ የቆሻሻውን ውሃ አውጥቶ አየር እያስገባ የሚያረጋጋውን፣ እዛ መሥራት የተጀመረው። የዚህ ሙያ ሰው ቁልቁለት መለካት፣ የጋዝ መጠን መለካት የሚችል ነው፣ አደገኛ ነው ብሎ የሚጽፍና የሚፈርም። ሪፖርት ላይ ያለው ቁጥር ስር ሰው ይኖራል።

ፍሳሽ_ኦፕሬተር፦
ኢንጂነር፣ እግዚአብሔር ይባርክህ። ቆሼ የሞተ ዘመድ አለኝ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አማካሪ_ሰው፦
እግዚአብሔር ያጥናችሁ ወንድሜ።

ካርታ_ሠሪ፦
ሰላም፣ ሶፍትዌሩን የነካው ሰው ስለሌለ እኔ በአጭሩ። ክራክ ፍለጋ ጊዜ አታጥፊ፣ ለሥራው የሚያስፈልገው አብዛኛው ነፃ ነው። የውሃ መስመር ለመሥራት ኢፓኔት፣ ለጎርፍና ለፍሳሽ መስመር ስዊም፣ ለወንዝ ሄክራስ፣ ለካርታ ኪውጂአይኤስ፣ ሁሉም በነፃ ይወርዳሉ። አውቶካድ ለተማሪ ነፃ ነው። ሁሉንም ግን አትጀምሪ፣ ኪውጂአይኤስን ያዢ። ናሙና የቀዳችሁበትን ቦታ፣ ገባሮቹን፣ ማሳዎቹን፣ ፋብሪካዎቹን አንድ ካርታ ላይ አድርጊያቸው። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ነው የሚገናኙት፣ ግድቡ ላይ እምቦጭ ሲሸፍነው በሳተላይት ምስል ይታያል፣ ነፃ የሴንቲኔል ምስል አውርደሽ ከክረምት እስከ በጋ ማወዳደር ትችያለሽ። እምቦጭ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሲያገኝ ነው እንደዛ የሚሆነው፣ ያ ደግሞ ከላይ ከከተማው የሚወርደው ነው። ለፋይናል ፕሮጀክት ይሄ ራሱ ይበቃል፣ ወንዝ ውስጥ ሳትገቡ።

ሳይት_ላይ_ያለች፦
ሴት ስለሆንሽ አንድ ነገር ልበል፣ ወንዶቹ አላነሱትም። ፊልድ ብቻሽን አትሂጂ፣ ሦስት መሆናችሁ ጥሩ ነው። የ24 ሰዓት ናሙና ሥሩ ቢሏችሁ፣ ጥሩ ዳታ የሚሰጠው እሱ ስለሆነ ይሏችኋል፣ ሌሊቱን ጥበቃ ያለበት ግቢ ውስጥ የሚወጣ ፍሳሽ ላይ ሥሩት፣ ክፍት ወንዝ ላይ አይደለም። ረጅም ቦቲ፣ ወፍራም ጓንት፣ እጅ ላይ ቁስል ካለ አትንኪ። የቴታነስና የሄፓታይተስ ክትባት ጠይቂ ጤና ጣቢያ። ማንሆል ውስጥ ማንም ግቢ ቢልሽ፣ አለቃም ቢሆን፣ ጋዝ መለኪያ ሳይገባ አትግቢ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ መጠኑ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፣ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ሰው አንዱን ለማዳን ተከታትሎ ገብቶ የሚያልቀው በዚህ ነው።

ደግሞ ሴት ልጅ ለሳይት አትሆንም የሚል ፎርማን ያጋጥምሻል። እኔ ቁጥሬን ይዤ ነው የምመልስለት፣ ዛሬ የገባው ፍሰት ይሄ ነው፣ የወጣው ቲኤስኤስ (ውሃው ውስጥ የተንሳፈፈ ደረቅ ቆሻሻ) ይሄ ነው፣ ትናንት ያንተ ሰዎች ባይፓሱን (ፍሳሹን ሳይጣራ የሚያሳልፈውን መስመር) ከፍተውታል። ይሠራል።

የቂሊንጦ_ተማሪ፦
ሁላችሁንም እንዴት እንደማመሰግን አላውቅም። እስካሁን ያሰብነው እንዲህ ነው፣ ካጠፋን አርሙን። አንድ ገባር እንመርጣለን፣ ከሱ በላይና በታች ሁለት ቦታ፣ ፍሰት በየሳምንቱ ራሳችን እንለካለን፣ ፒኤች እና ኮንዳክቲቪቲ (ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ፣ የሟሟውን ጨው የሚያሳይ) በግቢው ተንቀሳቃሽ ሜትር፣ ቢኦዲ እና ሲኦዲ በወር አንዴ። የጋሼ አካባቢ ማሳዎች ላይ የአፈር ፒኤች። ካርታው በኪውጂአይኤስ። ደብዳቤ ከዲፓርትመንት እናጽፋለን ለጣቢያ ጉብኝቱም። በክረምቱ እረፍት ደግሞ ገላን ወይ ዱከም አንድ ፋብሪካ ላይ ያለ ክፍያም ቢሆን የውሃ ሚዛን ለመሥራት እንጠይቃለን።

ላብ_ውስጥ፦
በጣም ጥሩ ነው። ሦስተኛ ነጥብ ጨምሩ፣ ገባሩ ራሱ ከመቀላቀሉ በፊት። የላይኛውና የገባሩ ሎድ ሲደመር ከታችኛው ጋር መግጠም አለበት፣ ካልገጠመ ወይ ልኬታችሁ ላይ ችግር አለ ወይ ያላያችሁት ቧንቧ አለ፣ ሁለቱም መታወቅ አለበት። ከኮንዳክቲቪቲ ጋር ሙቀትም ውሰዱ። እና ቢኦዲ 5 ቀን ነው የሚፈጀው፣ ሰኞ የጀመራችሁት ቅዳሜ ነው የሚነበበው፣ ግቢ ላብ ቅዳሜ ክፍት መሆኑን ከቴክኒሺያኑ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ገላን_ኤችኤስኢ፦
የክረምቱን እኔ ጋ ኢንቦክስ አድርጊልኝ፣ ደብዳቤውን ለማን እንደምታጽፉ እነግርሻለሁ። ቃል አልገባም ግን የኛ አለቃ የውሃ ወጪው አሳስቦታል፣ ጊዜው ጥሩ ነው። ያለ ክፍያ ያልሽውን ግን ደብዳቤው ላይ አትጻፊው፣ ትራንስፖርትና ምሳ ይጠየቃል፣ ይሄን ያህል እኛም አናጣም።

የጓሮ_አትክልት፦
ስትመጡ ጠዋት ኑ፣ ከሰዓት ውሃ እናጠጣለን ፓምፑ ይረብሻችኋል። ከአስፋልቱ ስትወርዱ ደውሉ ልጁን እልክላችኋለሁ፣ ውሻ አለ።

ኬሚካል_2ኛ፦
ይቅርታ ዘግይቼ ነው ያየሁት፣ እኔ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ 2ኛ ዓመት ነኝ፣ ሌላ ዩኒቨርሲቲ፣ ኢንቫይሮመንታል ዲፓርትመንት እኛ ጋ የለም። በኬሚካል ወደዚህ ሥራ መግባት ይቻላል ወይ?

አማካሪ_ሰው፦
ይቻላል። ሪአክተር፣ ማስ ባላንስ፣ ኪነቲክስ ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። ውሃ ማጣሪያና የፋብሪካ ፍሳሽ ላይ የኬሚካል ልጆች በደንብ ይሠራሉ፣ እንደ ሐዋሳው ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለ ፍሳሹን በሪቨርስ ኦስሞሲስ አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም ፓርክ ላይማ በጣም ትፈለጋላችሁ። የሚቀርህ ሃይድሮሊክስ እና ሕጉ ነው። ሃይድሮሊክስ ከሲቪል ልጆች ጋር ሲት ኢን ገብተህ ተከታተል፣ ሕጉ እላይ የጻፍኳቸው ሁለት አዋጆች ናቸው፣ ከነሱ ጋር የደረቅ ቆሻሻውን ጨምርበት፣ የ1999ኙ 513 ነው፣ በ2017 ደግሞ ፓርላማው ፌስታል የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አንብብና ምን እንደተቀየረ ጻፍ።

ኬሚካል_2ኛ፦
እሺ ኢንጂነር፣ ዛሬውኑ አወርደዋለሁ። የቂሊንጦዋ እህት፣ የፍሰት መለኪያ ሺታችሁን ስትሠሩት እዚህ ለጥፉልን፣ እኛ ከተማም የሚያልፍ ወንዝ አለ።

የቂሊንጦ_ተማሪ፦
እሺ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት እንደጨረስን እለጥፈዋለሁ፣ ባዶ ቴምፕሌቱንም ጨምሬ።